ጣባ አይዋሽም

ቆሎው ፊታችሁ ነው፤ ብሉ። እኔ እያወራሁ ማንም ቢቆረጥም አልቀየምም። ለምን እንደማልቀየም መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ አንዱ «የእናቴ አገር ናት» ብሎ ያኮርፋል፣ ሌላው ደግሞ «አውቃታለሁ» ብሎ ሳልጨርስ ይነሣል። ወንዝ አላት፣ ሰባት ገበያ አላት፣ ንጉሥ አላት፤ ይህ ይበቃል። በዚያች አገር አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በማንበብ ነው።

ንጉሡ ከሁሉ አብልጠው የሚኮሩበት ቤት የመድብል ቤት ይባል ነበር። ቤቱ በዓመት አራት ጊዜ ተረትና ወግ ከየሰው ይቀበልና የመረጠውን በአንድ ጥራዝ ያወጣል። ጥራዙ መድብል ነው ስሙ። በሰባቱም ገበያ አዋጅ ነጋሪ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያነበዋል፤ ሻጩ ሚዛኑን አስቀምጦ፣ ገዢዋ ቅርጫቷን አውርዳ ይሰማሉ። በመድብል የተነበበ ነገር ከዚያ ወዲያ ክርክር የለበትም። ባልና ሚስት ተጣልተው እንኳ «መድብል ላይ እንዲህ ተብሏል» ከተባለ አንዱ ዝም ይላል።

በቤቱ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ደጃችን ለሁሉ ክፍት ነው። ስለ ማንኛውም ነገር ጻፉ።» ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሚከተለው ግን ከሰው ቁመት ይረዝማል። ስለ ማንኛውም ነገር ይሁን እንጂ ገበሬውንም፣ ነጋዴውንም፣ ካህኑንም፣ ሙሽራይቱንም እኩል የሚያስደስት ይሁን። ከአንድ ብራና አይብለጥ፤ ከአንድ ብራናም አይነስ። የሚያሳዝን ከሆነ ተስፋ ይኑረው፤ ተስፋው ግን እንዳይታወቅ ይሁን። ዝናብ ያለበት ጽሑፍ በክረምት አይቅረብ፤ አንባቢ በዚያን ጊዜ ዝናብ ሰልችቶታልና። የምንወደውን ለማወቅ ያለፉትን መድብሎች አንብቡ፤ ያለፉትን የሚመስል ግን አታምጡ። በሩ የሚከፈተው በየወቅቱ አንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን አንብቦ ለመጨረስ የቆመ ጠንቃቃ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘጋበታል። የሚገባው ያላነበበው ነው።

ጽሑፍ የሚያስገባ ሰው ስሙን አይጽፍም። ተቀባዩ አንድ ባለ ቀለም ክር ለሁለት ይቆርጥና ግማሹን ብራናው ላይ፣ ግማሹን በሰውየው እጅ አንጓ ላይ ያስራል። ክሩ እጁ ላይ እስካለ ድረስ ያንን ተረት ለማንም በአፉ አይናገርም፤ ለሚስቱም ቢሆን፣ ለነፍስ አባቱም ቢሆን። ቤቱ ሌላ ጆሮ ቀድሞ የቀመሰውን አይቀበልም። መልስ ሲገኝ፣ እሺም ይሁን እምቢ፣ ክር ቆራጭ የሚባል ሹም መቀስ ይዞ ሰውየው ቤት ድረስ ይሄድና ይቆርጥለታል። ክሩን በገዛ እጁ የቆረጠ ብራናው ይቃጠላል፤ ዳግመኛም በዚያ ደጅ አያልፍም። «ምነው ዘገየ» ብሎ የጠየቀ ደግሞ ጽሑፉ ተራ የሚጠብቁ ብራናዎች ካሉበት ቅርጫት ታች ይገባል።

በዚህ ምክንያት በየመንገዱ ባለ ክር ሞልቶ ነበር። ከመቆየቱ የተነሣ ቀይ ይሁን ሰማያዊ የማይለይ ክር ያሰሩ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። «ምን ጽፈህ ነው?» ሲሏቸው እጃቸውን ብድግ አድርገው ያሳያሉ፤ ጠያቂውም «እግዜር ያፍጥንልህ» ብሎ ያልፋል። ከነክራቸው የተቀበሩም አሉ።

አሁን ወደ ቆሎው ልምጣ።

ድሮ አንባቢዎች የሚፈርዱት በአፋቸው ነበር አሉ። ታዲያ የዘመዱን ጽሑፍ «ማር ነው»፣ የጠላቱን «ሬት ነው» የሚል እየበዛ ሄደ። አንድ የጥንት ንጉሥ ተቆጡና «የሰው አፍ ይዋሻል፣ ጣባ አይዋሽም» ብለው አዲስ ሥርዓት አወጡ። አንባቢ ብራና ይዞ ሲቀመጥ አንድ ጣባ ሙሉ የገብስ ቆሎ ይቀርብለታል። ጽሑፉ ከሰለቸው እጁ ወደ ቆሎው ይሄዳል፤ ከጣመው እጁ ይዘገያል። አንብቦ ሲጨርስ ትንፍሽ ሳይል በጓሮ በር ይወጣል። የጣባ ሹም የሚባለው ባለ ሥልጣን በፊት በር ይገባና በጣባው የቀረውን አይቶ ይፈርዳል። ባዶ ከሆነ ጽሑፉ ይመለሳል። ግማሽ ከቀረ «ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን አይሆንም» ይባላል። ከግማሽ በላይ ከቀረ መድብል ይገባል። አንድ ዓመት ሦስት አንባቢዎች በአንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ታመሙና መድብሉ ወፍሮ ወጣ፤ ሕዝቡም የጥበብ ዘመን መጣልን ብሎ እልል አለ።

ጣባው ሙሉ ሆኖ ቢገኝስ? ሥርዓቱን የጻፉት ሰዎች ይህንንም አስበውበታል። ቆሎ ፊቱ ተቀምጦ አንዲት ፍሬ የማያነሣ ሰው እናቱ ገና አልወለደችውም። ስለዚህ ጣባው ሙሉ ከሆነ አንባቢው አልተቀመጠም፣ ጽሑፉም አልተነበበም ማለት ነው። «አልተነበበም» ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ወደ ቅርጫቱ ታች ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ወቅት ለሌላ አንባቢ ይደርሳል። ብልህ ሕግ ይመስላል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ከወንዙ ዳር፣ መሻገሪያው አጠገብ፣ ትርንጎ የምትባል ሰሌን ሠሪ ከአባቷ ከአያ ቢያድግልኝ ጋር ትኖር ነበር። አያ ቢያድግልኝ በጉልበቱ ዘመን ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ሁለት የፊት ጥርሶች የሉትም፤ ሰው ፊት ሲናገር አፉን በእጁ ይከልላል። ደግሞም የሚያናግረው ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ አምስት ሰርገኞች አሳፍሮ ሲሻገር ታንኳው መሐል ወንዝ ላይ ተገለበጠ። በማዶ የቆሙት ሰዎች ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዛፊው ሰዎቹን ትቶ ወደ ዳር ሲዋኝ። አምስቱም ሞቱ፣ እሱ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ጥሎ ሂያጅ» ሆነ። አልደበደቡትም፣ አልረገሙትም፤ ሰላምታ ነው የነሡት። ገበያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ከራሱ በላይ ያለውን ዛፍ እያየ ያልፈዋል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እሱም አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጠም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ምን እንደሆነ ተናገር እንጂ» ብትለው «ልጁን የቀበረ ሰው ደጅ ሄጄ እኔን አጽናናኝ ልበለው?» አላት። ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ልጅቱንም «ይህን ነገር በቤቴ አታንሺው» አላት፤ አላነሣችም።

ትርንጎ ግን ያን ቀን አይታ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ከዳር፣ ከሾላው ሥር ቆማ አይታለች። ማየቷን ለአባቷም ነግራው አታውቅም። ለሰው ብትናገር ደግሞ የገዳይ ልጅ ለአባቷ መሰከረች ከማለት በቀር ማን ያምናታል? ካደገች በኋላ ነው አንድ ነገር የታያት። መድብል ላይ የተነበበ ነገር ክርክር የለበትም። ጽሑፉ ስም የለውም፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ እንደ ማንኛውም ተረት ድንጋዩ ላይ ቆመው ያነቡታል፣ ሰውም ሰምቶ ራሱ ይደርስበታል። አባቷ ሳይሞት፣ ሰው መካከል ቆሞ ይህን እንዲሰማ ፈለገች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ጻፈችው፤ አስገባችውም፤ ቀይ ክር ታሰረላት። ቤት ስትመለስ አባቷ እጇን አየው።

«ጻፍሽ እንዴ?»

«ጻፍኩ አባዬ።»

«ስለ ምን?»

እጇን ብድግ አድርጋ አሳየችው።

«እሺ፣ ሕግ ነው» አለ። «ሲወጣ ትነግሪኛለሽ።»

«አልነግርህም። ገበያ ይዤህ ሄጄ ራስህ ትሰማዋለህ።»

አባቷ ገበያ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር።

ያ ብራና በሦስተኛው ወቅት ለእኔ ደረሰ። ቀይ ክር ያለበት፣ ፊደሉ ትንሽ ዘመም ያለ ብራና ነው። እንደ ልማዴ ጣባውን ወደ ቀኝ ጉልበቴ አስጠግቼ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ቀዛፊ ነበር ይላል። ታንኳው ሲገለበጥ አምስቱ ሰዎች የታንኳውን ሆድ ቧጥጠው ያዙ፤ ውሃው ግን እያሽከረከረ ከታች ወዳለው ገደል ይወስዳቸው ጀመር። ቀዛፊው የታንኳውን ገመድ ጫፍ ነክሶ ወደ ዳር ዋኘ። ሁለት እጁ ለዋና ያስፈልገዋል፤ ገመዱን የያዘው በጥርሱ ነው። ዳር ደርሶ ሾላው ላይ ሊያስረው አንድ ክንድ ሲቀረው ውሃው ታንኳውን ወደ ኋላ ጎተተው፤ ሁለት ጥርሱ ከገመዱ ጋር ወጣ። ገመዱን ግን አለቀቀም። በእጁ ያዘው፣ ሾላው ላይ አሰረው፣ ከዚያም ተቀምጦ በሁለት እጁ መሳብ ጀመረ። ገመዱ ቀሎ መጣ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሾላው ሥር የቆመች ልጅ ወደ ሰውየው ልትሄድ ፈልጋ፣ ፊቱን አይታ እንደቀረች ይናገራል።

ስጨርስ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሄዳለች። ብራናውን አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴን ማንጠግቦሽን «ርቦኛል፣ የሚበላ ነገር አቅርቢ» አልኳት።

«ዛሬ ቆሎ አልሰጧችሁም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እጄ ከጉልበቴ ላይ አልተነሣም ነበር።

ተረቱን ነገርኳት። የአንባቢን አፍ ማሰር ያሰበ ሹም አልነበረም፤ አንባቢ ያነበበውን ወድዶ ቤቱ ይዞት ይሄዳል ብሎ ማን ይገምታል? ማንጠግቦሽ ማማሰያውን እንደያዘች ሰማችኝ፤ ወጡ አረረ፣ ያን ቀን ደረቅ እንጀራ በላን። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ለሁለት ሴቶች ነገረቻቸው። ወፍጮ ቤት የተነገረ ነገር ከዱቄቱ ጋር በየቤቱ እንደሚገባ መቼም ታውቃላችሁ።

ሕጉን ግን አውቀው ነበር። ጣባዬ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ «አልተነበበም» ተብሎ ይመዘገባል። አንባቢ ከጣባ ሹም ጋር ስለ ጽሑፍ ከተነጋገረ ከሥራው ይወጣል። ግድ የለም፣ የሚቀጥለው አንባቢ ሁለት ሦስት ፍሬ ይቆረጥማል፣ መንገዱን ያገኛል አልኩ። በአራተኛው ወቅት ያነበበው ባልደረባዬ ጠላ ቤት አግኝቶኝ «ዛሬ ቆሎውን ረስቼው ወጣሁ» ሲለኝ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁት። አምስተኛውም እንዲሁ ሆነ፤ ስድስተኛውም። ከመካከላችን አንድ ሆዳም አለመገኘቱ ነው ያበላሸው።

በስምንተኛው ወቅት አያ ቢያድግልኝ አልጋ ያዘ። ትርንጎ ለጎረቤት አደራ ብላ የሁለት ቀን መንገድ ሄዳ ወደ መድብል ቤት መጣች። የጣባ ሹሙ፣ አዛዥ ይበልጣል የሚባለው፣ ደጃፉ ላይ ከመዝገቡ ጋር ተቀምጦ ነበር። እኔ ከመጋረጃው በስተኋላ ሌላ ብራና ይዤ እያነበብኩ ነው፤ ስለ አንድ ደግ ነጋዴ የሚናገር፣ ጣባዬም ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አዛዥ። የቀይ ክሩ ባለቤት ነኝ» አለች።

«የጠየቀ ሰው ጽሑፉ ታች እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ከታች በታች የለም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩንም የሚያከብደው ይኸው ነው። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ቀይ ክር፣ ስምንት ወቅት። ስምንቱም ጊዜ አልተነበበም።»

«ስምንት ሰው ደርሶት አንዱም አላነበበውም?»

«ጣባው ሙሉ ነው፣ እመቤት።»

«አንብበውት ቆሎውን ረስተውት ቢሆንስ?»

አዛዥ ይበልጣል መዝገቡን ዘጋ። «እዚህ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። እያለቀሱ የቆረጠሙ አይቻለሁ። ተኝተው የቆረጠሙም አይቻለሁ። ቆሎ የረሳ ሰው ግን አላየሁም።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «አባቴ ታሟል። ለእሱ ብቻ በጆሮው ብነግረው ምን ይላል ሕጉ?» አለች።

«ክርሽን ቆርጠሽ ነዋ። ከቆረጥሽ ብራናው ይቃጠላል፣ ገበያ መነበቡም ይቀራል። ባትቆርጪው ይሻልሻል። ታገሺ፤ ደጃችን ለሁሉ ክፍት ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ አፌ ውስጥ ቆሎ ነበር። ዋጥ አድርጌ «እኔ አንብቤዋለሁ» ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል አይሞላም። አላልኩም። ስለ ሥራዬ አሰብኩ፣ ስለ ጎጆዬ አሰብኩ፣ ከዚያ የእርምጃዋ ድምፅ ራቀ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ይህ ነው፤ በዕድሜዬ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ግን የለም።

ትርንጎ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር እያሰበች ሄደች። ክሩን ብትቆርጥና ብትነግረው፣ ቢያንስ አንድ ሰው እንዳየው አውቆ ይሞታል። ሕዝቡ ግን መቼም አይሰማም። ባትቆርጠው ሕዝቡ አንድ ቀን ይሰማ ይሆናል፤ እሱ ግን አይደርስበትም። ሁለት ቀን ሄዳ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልቻለችም።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ ደጃፍ ላይ ሰሌን ተነጥፎለት፣ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ማን አስነሣህ አባዬ?»

«ራሴ ነኝ። ቁጭ በይ እስቲ፣ ልንገርሽ» አለ አፉን በእጁ ከልሎ። «ትናንት ከላይኛው ገበያ አንድ ሰው ሰሌን ፍለጋ መጥቶ ነበር። ትመለሳለች ብዬ አስቀመጥኩት። ሲጠብቅሽ ተረት አወራኝ። የተረቱን አገር አያውቀውም፤ እሱም ከእህቱ፣ እህቱም ከወፍጮ ቤት የሰማችው ነው።»

«ምን ዓይነት ተረት?»

«አንድ ቀዛፊ ነበር አለ።»

ትርንጎ ክር ያለበትን እጇን በሌላው እጇ ሸፈነችው። አባቷ ቀስ እያለ፣ እየደከመው፣ በየመካከሉ ትንፋሽ እየወሰደ ነገራት። ታንኳው ተገለበጠ፤ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ቀዛፊው ገመዱን ይዞ ወደ ዳር ዋኘ፤ ሾላ ላይ አሰረው፤ ሲስበው ቀሎ መጣ። የገዛ ተረቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትሰማ ሰው ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሕግ ነው።

«አየሽ ልጄ» አለ ሲጨርስ፣ «ለካ ሌላም አገር እንደ እኔ ያለ ሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ሄጄ ጤና ይስጥልኝ ብለው እወድ ነበር።»

ይህን ሲል ትርንጎ ፊቱ ላይ ደስታ አየች። እንዲህ ሆኖ ቢሞትስ? ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው ነው ብሎ ቢሄድስ?

«ገመዱን በእጁ ይዞ ነው ያለህ ሰውየው?» አለችው።

«አዎ፣ በእጁ።»

«በእጁ አይደለም አባዬ። በጥርሱ ነው።»

አያ ቢያድግልኝ እጁን ከአፉ ላይ አወረደ። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱም አልነገራትም። ማዶ የነበረ ሰው ከዚያ ርቀት ሊያየው አይችልም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሾላው ሥር የቆመ ሰው ብቻ ነው።

«አይተሽ ነበር?» አላት።

«አይቼ ነበር።»

«ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነው።»

«ሁለት ጥርስህ ገመዱ ላይ ቀርተው ነበር። አንስቼ ሾላው ሥር ቀበርኳቸው።»

 ከዚያ አባቷ እጇን ሳበና የሸፈነችውን ክር ገልጦ አየው። «ይህን ነው እንግዲህ የጻፍሽው» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ግን እየሳቀ ነው። እጇን ወደ አፉ አስጠግቶ ክሩን በመንጋጋ ጥርሱ ነክሶ በጠሰው። ክሩ አርጅቶ ስለነበር አላስቸገረውም።

እንዳጋጣሚ ወዲያው በገባው ወቅት መድብል ቤት አዲስ አንባቢ ተቀጥሮ ኖሮ፣ ቀዩ ክር ያለበት ብራና ደረሰው። ይህ ሰው ተረቱን ከእናቱም፣ ከጎረቤቱም፣ ከፀጉር አስተካካዩም ሰምቶት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ስላወቀ ተመቻችቶ ቆረጠመ። ጣባው ባዶ ወጣ። በዘጠነኛው ወቅት ጽሑፉ ተነበበ ተብሎ ተመዘገበ።

ክር ቆራጩ መቀሱንና መልሱን ይዞ ትርንጎ ደጅ የደረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቆሞ አነበበላት፦ «የላኩልን ጽሑፍ በሰባቱም ገበያ የታወቀ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሰው አፍ የተለቀመ ስለሆነ አዲስ አይደለም። ወደፊት የራስዎን ሥራ እንዲልኩልን እናበረታታለን።»

ከዚያ መቀሱን አወጣ። እጇ ላይ ክር አጣ።

«ክሩስ?»

«አባቴ በጥርሱ በጠሰው።»

ክር ቆራጩ ግራ ገባው። ሕጉ በገዛ እጁ ስለቆረጠ ይናገራል፤ ስለ አባት ጥርስ የሚለው የለም። ወደ ደጃፉ ቢያይ ሰሌኑ ላይ የተቀመጠ፣ የፊት ጥርስ የሌለው ሽማግሌ አየ። ወንዙን አየ። ሾላውን አየ። እሱም እንደ ሰው ሁሉ ተረቱን ሰምቶት ነበር፤ እሱ በሰማው ላይ ገመዱ ገና በጥርስ ነበር።

መቀሱን ወደ ኮረጆው መልሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ አለ። «ጤና ይስጥልኝ፣ አያ ቢያድግልኝ» አለ።

«አብሮ ይስጥልኝ» አለ ሽማግሌው። ድምፁ ትንሽ ሻክሮ ነበር፤ ቃሉን ከተናገረው ቆይቷል።

ክር ቆራጭ በየመንደሩ የሚዞር ሹም ስለሆነ ወሬው ከመቀሱ ቀድሞ ሄደ። በገበያ ቀን ትርንጎ አባቷን በበቅሎ ይዛው ወጣች። ሰው ዛፍ ዛፉን አላየም። ከሰርገኞቹ የአንዱ እናት እመት ብርቄ ጨው ከምትሸጥበት ተነሥታ መጣችና ከበቅሎው አጠገብ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት ስሙን ጠርታው አታውቅም።

«ገመዱ ቀሎ ሲመጣ ምን አልክ?» አለችው።

«ስማቸውን ጠራሁ» አለ። «አምስቱንም።»

እጁን ይዛ ሳመችው።  ሁለት ወር እንዲህ ሰላምታ ሲቀበል ከረመና በሰላም ዐረፈ።

እኔ ከዚያ በኋላ የአንባቢነት ሥራዬን ትቼ ወደ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። መጋረጃው ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አፌ ውስጥ ቆሎ ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅርም አላለችኝ፣ ውጣልኝም አላለችኝ። ሰሌን ላይ አስቀመጠችኝና በፊቴ አንድ ጣባ ሙሉ ቆሎ አኖረች። ከዚያ የአባቷን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ፣ እኔ የማላውቀውንም ጨምራ ነገረችኝ፤ እናንተም ዛሬ የሰማችሁት እሱን ነው። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ጣባውን አየች። አንዲት ፍሬ አልጎደለም።

«አዎ» አለችኝ፣ «አንብበኸዋል።»

እንግዲህ እኔ ጨርሻለሁ። እስቲ ጣባችሁን አሳዩኝ።